ከኒውሮኑ በፊት ባህሪውን

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለሀይስኩል ጨራሾች፣ ለኮሌጅ ጀማሪዎችና ለወላጆቻቸው ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። እናቶችና አባቶች፣ በእረፍት ቀናችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ የጠየቁኝ ኮሌጅ ገብቶ ኒውሮሳይንስ (የአንጎልና የነርቭ ሳይንስ) እና ባህሪ ማጥናት ምን ማለት እንደሆነ እንዳስረዳ ነው፣ ተምሬው የጨረስኩትና እስካሁንም የምሰራበት ነገር ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት። ግን ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ከምቆነጥር አንድ ነገር ላይ ብቆይ ይሻላል። ወደዚህ ሜጀር፣ ወደዚህ የትምህርት መስክ ማለት ነው፣ የሚመጡ ልጆች አብዛኞቹን የሚስባቸው ኒውሮኑ፣ የነርቭ ሴሉ ነው፣ በቀለም ያሸበረቁት የአንጎል ፎቶዎች፣ ዶፓሚን ሴሮቶኒን ምናምን የሚባሉት የአንጎል ኬሚካሎች፣ የባህሪውን ግማሽ፣ ሰው ወይም እንስሳ የሚያደርገውን የሚያጠናውን፣ ግን ቀላል ኮርስ፣ ጂፒኤ ማሳደጊያ አድርገው ነው የሚያዩት። እኔ ደሞ ከባዱም ዋናውም እሱ ነው እላለሁ። ባህሪው በደንብ ካልታየ ስለ ኒውሮኑ ያወቅነው ነገር የት እንደሚገባ አናውቅም።

ሁላችንም ከምናውቀው ልጀምር፣ ከቡና። ጠዋት ቡናዬን ካልጠጣሁ ራሴን ይፈልጠኛል የምትሉ እናቶች እዚህ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሰው ነቅቶ በቆየ ቁጥር አንጎሉ ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ኬሚካል እየተጠራቀመ ይሄዳል፣ ይሄ ኬሚካል ኒውሮኖች ላይ ያሉት መቀበያዎች ላይ ሲቀመጥ ያቀዘቅዛቸዋል፣ ያኔ ነው እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለን። ካፌይን ቅርጹ አዴኖሲንን ስለሚመስል እነዛው መቀበያዎች ላይ ሄዶ ቁጭ ይላል፣ ግን ኒውሮኑን አያቀዘቅዝም፣ ቦታውን ብቻ ይዞ አዴኖሲን እንዳይገባ ይከለክላል። ስለዚህ ቡናው ጉልበት ሰጠኝ ስንል የሆነው ነገር ድካማችን እንዳይሰማን መደረጉ ነው። አዴኖሲን ደሞ የአንጎል የደም ስሮችን ያሰፋል፣ ካፌይን ያጠባቸዋል፣ ሰውነት ይሄን ከለመደ በኋላ አንድ ቀን ቡናው ሲቀር ስሮቹ ይሰፋሉ፣ ለራስ ምታቱ አንዱ ምክንያት ይሄ እንደሆነ ይታሰባል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰአት ባለው ውስጥ ነው፣ ትላንት ከሰአት የጠጣ ሰው ዛሬ ጠዋት ላይ ማለት ነው።

ይሄ የኒውሮኑ ግማሽ ነው፣ ደስ ይላል፣ በአንድ ሌክቸር ያልቃል። አሁን ባህሪውን እንየው። አንዲት እናት ከሰአት ቡና ጠጥታ ነቃ አለች እንበል፣ ፊቷ ፈካ፣ ጨዋታ ጀመረች። ምኑ ነው ያነቃቃት? ካፌይኑ ነው? ከጎረቤት ጋር ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ብላ ማውራቷ ነው? እጣኑ ነው? ከስራ አረፍ ማለቷ ነው? ወይስ ቡና ያነቃቃኛል ብላ ስለምታምን ነው? ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚመጡት፣ እሷን ራሷን ብትጠይቋት እንኳን ለይታ ልትነግራችሁ አትችልም፣ እኛም አንችልም። ለመለየት ከፈለግን ያው ጀበና፣ ያው ጎረቤት፣ ያው ሰአት ሆኖ አንዳንድ ቀን ካፌይን የወጣለት ቡና ይፈላል፣ የትኛው ቀን የትኛው እንደሆነ ጠጪዋም አታውቅም፣ የምትቀዳዋም አታውቅም፣ ሌላ ሰው ነው ቅደም ተከተሉን ጽፎ የሚይዘው። የምትቀዳዋ ካወቀች በፊቷም በአነጋገሯም ታስታውቃለች፣ ሳታስበውም ቢሆን።

ከዛ ደሞ የባሰው ይመጣል። ነቃ አለች ስንል ምኑን ነው የምንለካው? ስክሪን ላይ መብራት ሲበራ ቁልፍ ለመጫን የሚፈጅባትን ጊዜ? ስንት ቃል እንዳወራች? ወይስ ከ1 እስከ 10 ስንት ነቅተሻል ብለን እንጠይቃት? ሶስቱ ሶስት የተለያየ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። ሌላም አለ፣ እቺ እናት በየቀኑ የምትጠጣ ከሆነች የከሰአቷ ስኒ ከመደበኛዋ በላይ አነቃቃት ነው የምንለው ወይስ ካፌይን በማጣት የመጣውን መጫጫን አነሳላትና ወደ ራሷ መለሳት? ተመራማሪዎች የሚከራከሩበት የምር ጥያቄ ነው ይሄ። አያችሁ፣ የአዴኖሲኑን ነገር ጥንቅቅ አድርጋችሁ ብታውቁትም ከነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም አይመልስላችሁም። የባህሪ ኮርስ የሚያስተምረው ይሄን ነው፣ አይን የሚያየውን አምኖ ከመቀበል በፊት ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ብሎ መጠየቅን።

ይሄ የክፍል ውስጥ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አገር ቤት አንድ ሰው የሚጥል በሽታ ሲነሳበት ሰው ተሯሩጦ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ስር ይይዝለታል፣ አይታችኋል አይደል? ትንሽ ቆይቶ ሰውየው ይነቃል፣ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ክብሪቱ እንዳዳነው ይመሰክራል፣ አልዋሹም፣ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ነገር ግን አብዛኛው እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ በ1 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ በራሱ ጊዜ ነው የሚያቆመው። ክብሪት ተፈልጎ እስኪጫር አንዱ ደቂቃ አልፏል፣ ስለዚህ ክብሪት ቢሸትም ባይሸትም ሊያቆም ነበር። ክብሪት ያልተጫረለትን ሰው ካላየን ይሄን ማወቅ አንችልም፣ ቡናው ላይ እንዳልነው ማለት ነው፣ ማወዳደሪያ ያስፈልጋል። ይሄን ካነሳሁ አይቀር የሚደረገውንም ልናገር፣ ለህይወት የሚጠቅም ስለሆነ፦ በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ስር ለስለስ ያለ ነገር አድርጉ፣ አካባቢው ላይ የሚመታው ነገር ካለ አንሱ፣ አፉ ውስጥ ምንም እንዳታስገቡ፣ ሰአት ያዙ፣ 5 ደቂቃ ካለፈው 911 ደውሉ።

ስለ ትውስታ ዛሬ የሚታወቀው ብዙው ነገር የተጀመረው ደሞ ከአንድ የሚጥል በሽታ ታማሚ ነው። በ1953 ሀርትፎርድ፣ ኮኔቲከት ውስጥ ሄንሪ ሞሌይሰን የሚባል የ27 አመት ወጣት በሽታው ስራ አላሰራ ኑሮ አላኖር ስላለው ዊልያም ስኮቪል የሚባል የቀዶ ህክምና ዶክተር ከአንጎሉ ሁለቱም ጎን ሂፖካምፐስ ከሚባለው ክፍል አብዛኛውንና በዙሪያው ያለውን ቆርጦ አወጣለት። መንቀጥቀጡ ቀነሰለት፣ ግን ከዛ ቀን በኋላ አዲስ ነገር መያዝ አቃተው፣ ያናገረው ሰው ወጥቶ ሲመለስ እንደ አዲስ ነው የሚተዋወቀው። ብሬንዳ ሚልነር የምትባል ሳይኮሎጂስት ከሞንትሪያል እየተመላለሰች ታጠናው ጀመር። ያኔ ኤም አር አይ የሚባል አንጎልን ከውስጥ የሚያነሳ መሳሪያ የለም። ምን ይዛ ነበር የምትሄደው? እርሳስ፣ ወረቀት፣ መስታወት።

ወረቀቱ ላይ በሁለት መስመር የተሳለ ኮከብ አለ፣ ስራው በሁለቱ መስመሮች መሀል እርሳስ ማስኬድ ነው፣ ግን እጁን በቀጥታ ማየት አይችልም፣ የሚያየው በመስታወት ብቻ ነው። ቤታችሁ ሞክሩት፣ ወደ ላይ ልሂድ ስትሉ ወደ ታች ይመጣባችኋል፣ ማእዘኑ ላይ ስትደርሱ እጃችሁ አልታዘዝ ይላል። ሞሌይሰን ለ3 ቀን ደጋግሞ ሰራው፣ በየቀኑ ስህተቱ እየቀነሰ መጣ፣ በ3ኛው ቀን ጎበዝ ሆነ። ወረቀቱ በቀረበለት ቁጥር ግን እንዲህ አይነት ነገር ሰርቼ አላውቅም ነው የሚለው። እጁ ተምሯል፣ እሱ መማሩን አያውቅም። ከዚህ በመነሳት ነው ትውስታ አንድ ነገር እንዳልሆነ፣ የእጅ ልምድና የሆነውን ነገር ማስታወስ አንጎል ውስጥ የተለያየ ቦታ እንዳላቸው የታወቀው። ሞሌይሰን እስከ 2008 ድረስ ኖሯል፣ እስኪሞት ድረስ በሳይንስ ጽሁፎች ላይ የሚጠራው ኤች ኤም በሚሉት የሁለቱ ስሞቹ መነሻ ፊደላት ብቻ ነበር፣ ስንቱ ተማሪ በሱ እንደተማረ አስቡት። እኔ እስካሁን ይሄን ሳስተምር የሚገርመኝ የጥያቄው ጥራት ነው። እቺ ሴትዮ ሰውየው ያስታውሳል ወይስ አያስታውስም ብላ ቢሆን የጠየቀችው መልሱ አያስታውስም ሆኖ ይቀር ነበር። የምን አይነት ትውስታ ብላ ነው የጠየቀችው።

አሁን ላብ፣ ላቦራቶሪ ማለቴ ነው፣ ውስጥ ምን እንደሚሰራ ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ልጆች ላብ ሲባል የሚታያቸው ማይክሮስኮፕ ነው። እኔን መጀመሪያ ያሰሩኝ ቪዲዮ ማየት ነው። ከወለሉ ግማሽ ሜትር ገደማ ከፍ ያለ የመስቀል ቅርጽ ያለው መሄጃ አለ፣ ከአራቱ ክንዶች ሁለቱ በግድግዳ የታጠሩ፣ ሁለቱ ደሞ ምንም ግርዶሽ የሌላቸው። አይጥ መሀል ላይ ትቀመጣለች፣ ለ5 ደቂቃ ትቀረጻለች። አይጥ በተፈጥሮዋ ገላጣ ቦታና ከፍታ ትፈራለች፣ ግን አዲስ ቦታ ማሰስም ትወዳለች፣ ስለዚህ የምትፈራዋ የታጠረው ውስጥ ትቆያለች፣ እንደ ዲያዜፓም ያለ ጭንቀት የሚቀንስ መድሀኒት የተሰጣት ደሞ ገላጣው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ትቆያለች። በጣም ቀላል ነው የሚመስለው፣ ወጣች ካለች ሰአት መያዝ ነው። ግን ቪዲዮውን ስትከፍቱት አይጧ የኋላ እግሮቿን የታጠረው ውስጥ ትታ ሰውነቷን ስባ የፊት እግሮቿን ብቻ ገላጣው ላይ ታደርጋለች፣ አፍንጫዋን ጠርዙ ላይ እያንቀሳቀሰች፣ ትንሽ ቆይታ ትመለሳለች። ወጣች ነው ወይስ አልወጣችም? ሁለት እግር ይበቃል ካላችሁ ወጥታለች፣ አራቱም እግር መውጣት አለበት ካላችሁ አልወጣችም፣ የጥናቱ ውጤት እዚች ላይ ሊገለበጥ ይችላል። ለዛ ነው ከመጀመሩ በፊት አራቱም እግር ሲወጣ ብቻ ነው የምንቆጥረው ተብሎ የሚጻፈው፣ ሁለት ሰው አንዱን ቪዲዮ ለየብቻ ቆጥሮ የሚያስተያየው፣ ቆጣሪዎቹም የትኛዋ አይጥ መድሀኒት እንደወሰደች የማይነገራቸው። በዛ ላይ መድሀኒቱ ጭንቀቷን ሳይቀንስ እንዲሁ ሩጫ ሩጫ ብሏት ቢሆንስ? ስለዚህ የታጠረው ውስጥ የገባችበትም ይቆጠራል፣ ሁለቱም እኩል ከጨመረ ነገሩ ጭንቀት ላይሆን ይችላል። አይጧ ፈራች አይባልም፣ ከ5 ደቂቃው ይሄን ያህል ሰከንድ ገላጣው ላይ ቆየች ነው የሚባለው። ይሄን ጥንቃቄ የለመደ ተማሪ ጋዜጣ ሲያነብም፣ ሰው ሲታዘብም እንደ ድሮው አይሆንም።

በነገራችን ላይ ትላልቅ ስራዎች የሰሩትም ባህሪውን በጥንቃቄ የመረጡት ናቸው። የአንጎል ተመራማሪው ኤሪክ ካንደል በ2000 ኖቤል የተሸለመው በትውስታ ስራው ነው፣ ለዛም አፕሊዥያ የሚባል የባህር ቀንድ አውጣ ነው የመረጠው፣ 20,000 ገደማ ኒውሮን ብቻ ስላለው፣ የሰው ግን ወደ 86 ቢሊዮን ነው። ግን እንስሳውን ብቻ አይደለም የመረጠው፣ አንዲት ባህሪ ነው፣ ሲነኩት ስንጥቡን፣ መተንፈሻውን፣ ወደ ውስጥ መሰብሰቡን። ደጋግመው በቀስታ ሲነኩት ይለምደዋል፣ መሰብሰቡን ይቀንሳል፤ ጅራቱ ላይ በኤሌክትሪክ ሲያስደነግጡት ደሞ በትንሽ ንክኪም ይሸማቀቃል። እቺን ይዞ ነው እስከ ሞለኪዩሉ የወረደው። ካንደል ሀርቫርድ ኮሌጅ የተማረው ታሪክና ስነጽሁፍ ነበር፣ ሳይንሱ በኋላ ነው የመጣው፣ በተለይ ልጄ መንገዱን ሳተ ብላችሁ የምትጨነቁ ወላጆች ይሄን ያዙልኝ። ያስተማረበት ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲም ይሄን ሜጀር የሚሰጠው ባዮሎጂና ሳይኮሎጂ ዲፓርትመንት በጋራ ሆነው ነው።

የኛንም አገር ጉዳይ ልጨምር፣ ብዙ ተማሪ ስለማያውቀው። ጓያ። በድርቅ ጊዜ ሌላው እህል ሲጠፋ ጓያ ይበቅላል፣ ሰው ለወራት እሱን ብቻ ሲበላ እግሩን ይይዘዋል፣ ጡንቻው ይገተራል፣ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ እግሩ እየተጠላለፈ ነው የሚሄደው፣ ከባሰበትም ያስቀምጠዋል፣ አእምሮው ግን ምንም አይሆንም። ምክንያቱ ጓያው ውስጥ ያለ ግሉታሜት የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚመስል መርዝ ነው፣ እንቅስቃሴ የሚያዙትን ኒውሮኖች ከልክ በላይ እያነሳሳ ይገድላቸዋል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ደንቢያና ፎገራ ድረስ ሄደው ይሄን አጥንተዋል፣ ማን እንደበላ፣ እንዴት አብስሎ እንደበላ፣ ምን ያህል መርዝ ምግቡ ውስጥ እንዳለ። ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውሀውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል። አያችሁ፣ ስለ ግሉታሜት በክፍል ስትማሩ ስላይድ ላይ ያለች አንዲት ሞለኪዩል ትመስላችኋለች፣ የገበሬው አረማመድ ጋ ስታገናኙት ነው ለምን እንደምትማሩት የሚገባችሁ። የሚያገናኘው ሰው ደሞ አረማመዱን ማየትም ቤት ለቤት እየዞረ መጠየቅም የሚችል መሆን አለበት።

እሺ፣ ወደ ኮርሶቹ። የመጀመሪያ ሁለት አመት ከባዮሎጂ ተማሪ ብዙም አትለዩም፣ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ካልኩለስ፣ ብዙ ቦታ ፊዚክስም፣ ከነሱ ጋር መግቢያ ሳይኮሎጂና ስታቲስቲክስ። ሶስተኛና አራተኛ አመት ላይ ነው የሴል ኒውሮሳይንስ፣ የባህሪ ኒውሮሳይንስ፣ ላብ፣ ሴሚናር የሚመጣው። ስታቲስቲክስን በቶሎ ውሰዱት፣ እንደ ግዴታ ሳይሆን እንደ ዋና መሳሪያ፣ ፕሮግራሚንግም ትንሽ ጨምሩበት፣ ዛሬ ያለ ኮድ ዳታ የሚያይ ላብ ማግኘት ይከብዳል።

ወላጆች ሁሌ የምትጠይቁኝ ታዲያ ዶክተር ይሆናል ወይ የሚለውን ነው። ይሆናል፣ መሆን ከፈለገ። እንዲያውም ከ2015 ጀምሮ ለህክምና ትምህርት ቤት የሚፈተኑት ኤምካት ከአራቱ ክፍሎች አንዱ ሙሉ በሙሉ ስለ ባህሪ ነው፣ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ ማለት ነው፣ ስለዚህ ያ ቀላል የተባለው ግማሽ እዛም ይጠየቃል። ግን እባካችሁ እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን ብቻ እያያችሁ ልጁን ለአንድ በር ብቻ አታዘጋጁት። ፒኤችዲ የሚባለው መንገድ አለ፣ እዚህ አገር አብዛኛው የኒውሮሳይንስ ፒኤችዲ የትምህርት ክፍያውን ሸፍኖ ለኑሮም ስታይፔንድ ይከፍላል፣ 5 ወይ 6 አመት ነው፣ ሀብታም አያደርግም፣ ግን እንደ ህክምናው እዳ ውስጥ አያስገባም። ክሊኒካል ሳይኮሎጂ አለ፣ የንግግር ቴራፒ አለ፣ ፐብሊክ ኸልዝ አለ። በአማርኛ ታማሚ አናግሮ የትውስታ ፈተና መስጠት የሚችል ባለሙያ ደሞ እኛ እናቶቻችንና አባቶቻችን ሲያረጁ ምን ያህል እንደሚያስፈልገን አስቡት፣ በአስተርጓሚ የሚሰጥ የትውስታ ፈተና ምኑን እንደሚለካ በቡናው ምሳሌ ራሳችሁ መፍረድ ትችላላችሁ።

ልጆች፣ ላብ ለመግባት አራተኛ አመት አትጠብቁ። ለፕሮፌሰሩ ኢሜይል ስትጽፉ ለኒውሮሳይንስ ያለኝ ፍቅር ብላችሁ አትጀምሩ፣ ከጽሁፎቹ አንዱን አንብባችሁ ያልገባችሁን አንድ ነገር ጠይቁት፣ በሳምንት ስንት ሰአት እንዳላችሁ ንገሩት፣ በቃ አጭር ትሁን። መልስ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ ድገሙት፣ ኢሜይል ስለሚበዛባቸው ነው፣ ንቀት አይደለም። በክረምት፣ በሰመር ማለት ነው፣ ደሞ ናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን የሚባለው የመንግስት የምርምር ድርጅት የሚደግፋቸው አር ኢ ዩ የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ፣ እየከፈሉ ነው ምርምር የሚያሰሩት፣ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃሉ። ኤን አይ ኤች የሚባለው የመንግስት የህክምና ምርምር ተቋም እዚሁ ቤቴስዳ ነው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በዚሁ በሬድ ላይን ሜዲካል ሴንተር ላይ መውረድ ነው፣ ለተማሪዎችና አዲስ ለተመረቁ ልጆች ፕሮግራሞች ሲኖሩት ቆይቷል፣ ከአመት አመት ስለሚለዋወጥ የማመልከቻ ጊዜውን ከፎል ሴሚስተር ጀምራችሁ ተከታተሉ። ስራ እየሰራችሁ የምትማሩ ካላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፣ ያለክፍያ ላብ ግቡ ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ እሺ አትበሉ፣ በወርክ ስተዲ (ለተማሪ በሚሰጥ ክፍያ ያለው ስራ) ወይም በክሬዲት ሊሆን ይችል እንደሆነ ጠይቁ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም።

እዚህ ላይ ላቁምና ወደ ጥያቄ እንሂድ፣ ከወላጆች እንጀምር፣ ማይክሮፎኑን ወደ ኋላ አሳልፉልኝ።